ደመወዝተኛው አሠልጣኝና ደመወዝ የለሹ ተጫዋች፦ የአሞስ አሎንዞ ስታግ ሕይወት በዛሬው የኮሌጅ ፉትቦል ክርክር መነጽር

ጁን 6 ቀን 2025 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን ለዓመታት ሲጓተት የቆየውን የኮሌጅ ስፖርተኞች ክስ የቋጨ ስምምነት አጸደቁ። በስምምነቱ መሠረት የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤንሲኤኤ፣ ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱ ተማሪዎች በ10 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ እንዲሰጥ ተወሰነ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ በቀጥታ ለተጫዋቾቹ ማካፈል ይችላል። ከመቶ ዓመት በላይ «ተማሪ የሚጫወተው ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይደለም» ሲባልለት የኖረው ሥርዓት በዚህ ውሳኔ ዋነኛ ምሰሶውን አጣ።

ከውሳኔው በኋላ የተሰማው ቁጭት ብዙ ነው። የቀድሞ አሠልጣኞች፣ የምክር ቤት አባላትና የድሮ ተመራቂዎች ገንዘብ ንጹሑን ጨዋታ አበላሸው ይላሉ። ይህ ቁጭት ግን ገንዘቡ አሁን እንደመጣ አድርጎ ስለሚነሣ መነሻው ላይ ይሳሳታል። ገንዘቡ ጨዋታው ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ አብሮት ነበር፤ የተለወጠው ከገንዘቡ እንዲወስድ የሚፈቀድለት ሰው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። ይህን ለማየት ከአሞስ አሎንዞ ስታግ ሕይወት የተሻለ መስኮት አላውቅም። ስታግ ተጫዋችም አሠልጣኝም ነበሩ፤ በሐቀኝነታቸው ጠላት እንኳ የማይጠረጥራቸው ሰው ነበሩ፤ ተጫዋቹ ባዶ እጁን የሚቀርበትንና አሠልጣኙ ቋሚ ደመወዝ የሚበላበትን አሠራር ካቆሙት ሰዎችም ግንባር ቀደሙ እርሳቸው ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃሉና ስለ ዘመን አቆጣጠሩ አንድ ነገር ልበል። ፉትቦል ስል ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን፣ ተጫዋች ተጫዋችን ጠልፎ የሚጥልበትን የአሜሪካውን ጨዋታ ነው፤ «እግር ኳስ» ብዬ ብተረጉመው አንባቢዬን ወደ ሌላ ሜዳ እወስደዋለሁ። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታግ የተወለዱት በኦገስት 1862፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በዌስት ኦሬንጅ ነው። አባታቸው ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ ቤተሰቡም ብዙ ልጅና ጥቂት ገቢ የነበረው ነው። ትምህርት ዘግይተው ስለጀመሩ የል ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ 22 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ማሞቂያ በሌለው የጣሪያ ሥር ክፍል እየኖሩ፣ በቀን በጥቂት ሳንቲም ምግብ እየዋሉ የመጀመሪያውን ዓመት በጭንቅ ገፉ። ሐሳባቸው የፕሮቴስታንት ሰባኪ መሆን ነበር። በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪነታቸው ስማቸው ሲወጣ ፕሮፌሽናል ክለቦች ሊገዟቸው ጠየቁ፤ እርሳቸው ግን ያ ሁሉ ችግር እያለባቸው እምቢ አሉ። ለገንዘብ መጫወት ሰውን ያረክሳል ብለው ያምኑ ነበርና። ይህ እምነታቸው በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው፦ ሰውየው ሌላውን የከለከሉትን ለራሳቸው የፈቀዱ ግብዝ አልነበሩም፤ ተርበው ሳለ የቀረበላቸውን ገንዘብ የመለሱ ሰው ነበሩ።

በፉትቦል ሜዳ የተሰለፉት በመስመሩ ጫፍ ነበር። የ1888ቱ የየል ቡድን በዋልተር ካምፕ እየተመራ በአንድ የውድድር ዘመን 698 ነጥብ አስቆጥሮ አንድም ሳይቆጠርበት ጨረሰ፤ ስታግም የዚያ ቡድን አባል ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1889፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ 11 ተጫዋቾች ዝርዝር ሲወጣ ስማቸው ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ከጎናቸው ደግሞ ፑጅ ሄፈልፊንገር የሚባለው ግዙፉ የመስመር ተጫዋችና የየል ጓደኛቸው ተመርጧል። የእነዚህ የሁለቱ ጓደኞች የ1892 ታሪክ የዚህ ጽሑፍ እምብርት ስለሆነ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

ስታግ ስብከቱን የተዉት አንደበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው፤ ሕዝብ ፊት ቆመው መናገር አይሆንላቸውም ነበር። ስለዚህ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የወወክማ የአሠልጣኞች ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ጄምስ ኔይስሚዝ በዲሴምበር 1891 ቅርጫት ኳስን ሲፈጥር ስታግ ባልደረባው ነበሩ፤ ማርች 11 ቀን 1892 መምህራንና ተማሪዎች በሕዝብ ፊት ባደረጉት የመጀመሪያ ጨዋታ መምህራኑ 5 ለ 1 ተሸንፈው ሲወጡ ብቸኛዋን ያስገቡት እርሳቸው ናቸው። በ1959 የቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ስሞች ሲመዘግብ ያልዘነጋቸው ለዚህ ነው። በፉትቦሉ የክብር አዳራሽም በ1951 በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም በአንድ ጊዜ ገብተዋል።

በዚያው ጊዜ ጆን ሮክፌለር በሰጠው ገንዘብ ቺካጎ ውስጥ አዲስ ዩኒቨርሲቲ እየተመሠረተ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር በየል የመጽሐፍ ቅዱስና የዕብራይስጥ መምህር ሳሉ ስታግን ያውቋቸው ነበር። ሃርፐር ገና ሕንፃው ሳያልቅ የተረዱት ነገር ቢኖር አዲስ ተቋም እንደ የልና ሃርቫርድ ስም ለማግኘት መቶ ዓመት መጠበቅ እንደማይችል ነው። አሸናፊ ቡድን ግን ከአንድ መኸር በኋላ የዩኒቨርሲቲውን ስም በየጋዜጣው ፊት ገጽ ላይ ያወጣል። ስለዚህ ለስታግ የመጀመሪያ ጥያቄ አቀረቡ፤ ስታግ ሲያመነቱ ደመወዙን ጨመሩ፤ አሁንም ሲያመነቱ በዓመት 2,500 ዶላር፣ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግና ዕድሜ ልክ የማይነቀል ቋሚ ቅጥር ይዘው መጡ። ስታግ የአካል ማጎልመሻና የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆነው በ1892 ቺካጎ ገቡ። እንዲህ ባለ ቋሚ የመምህርነት ቦታ የተቀጠረ አሠልጣኝ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። እስከዚያ ድረስ በትልልቆቹ ኮሌጆች አሠልጣኝ የሚባለው በሌላ ሥራ የሚተዳደር፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ብቅ የሚል የቀድሞ ተጫዋች ነበር፤ ካምፕ ራሳቸው የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ።

አሁን ወደ ሁለቱ ጓደኞች እንመለስ። ስታግ ቺካጎ በገቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1892፣ ሄፈልፊንገር በፒትስበርግ ለአሌጌኒ አትሌቲክ ማኅበር አንድ ጨዋታ ተጫወተ፤ የተጋጣሚውን ኳስ አስጥሎ፣ ይዞ ሮጦ፣ ብቸኛውን ግብ አስቆጥሮ ቡድኑን አሸናፊ አደረገ። ለዚህ በድብቅ 500 ዶላር ተከፈለው። የማኅበሩ የወጪ መዝገብ ለረጅም ዓመታት ተሰውሮ ቆይቶ በ1960ዎቹ ሲገኝ ሄፈልፊንገር የመጀመሪያው የታወቀ ፕሮፌሽናል የፉትቦል ተጫዋች ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ዓመት፣ ሁለት የየል ልጆች፣ አንድ ጨዋታ። ለመጫወት የተከፈለው ክፍያውን እንደ ነውር ደበቀ፤ ለማሠልጠን የተከፈላቸው ግን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ከፍልስፍናና ከኬሚስትሪ መምህራን ጋር በግልጽ ተጻፉ። የኮሌጅ ፉትቦል እስከ 2025ቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ድረስ የተመራበት ሕግ በዚያ መኸር ተጽፏል ብል አልተጋነነም። እኛም ብንሆን ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለንም፤ አንባቢ እንዳየው በአማርኛ አሠልጣኙን አንቱ፣ ተጫዋቹን አንተ እያልሁ ነው የመጣሁት።

በቺካጎ የስታግ ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲው በሩን በከፈተበት በኦክቶበር 1892 ነው። ተጫዋች ስላነሰባቸው በመጀመሪያው ዓመት ራሳቸው ተሰልፈው ይጫወቱ ነበር። ሁለት ዓመት እንዳለፈ፣ በ1894 የገና ሰሞን፣ ቡድናቸውን በባቡር አሳፍረው አህጉሩን አቋርጠው ካሊፎርኒያ ድረስ ወስደው ከስታንፎርድ ጋር አጋጠሙ። ይህ ጉዞ ለጤና ወይም ለሥነ ምግባር ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ተቋም መኖሩን ምዕራቡ እንዲያውቅ ነው። በ1896 ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለው የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት ሲቋቋም ቺካጎ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። የስፖርቱ ክፍል ገቢውንና ወጪውን የሚያስተዳድሩት ስታግ ሲሆኑ፣ ተጠሪነታቸውም ለመምህራን ጉባኤ ሳይሆን በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ነበር። ዛሬ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ራስ ገዝ መንግሥት የሚቆጠረው የስፖርት ዲፓርትመንት ሥሩ ይህ ነው።

ተጫዋች ምልመላንም ሥርዓት ካስያዙት ውስጥ ናቸው። ከ1902 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሩጫና የዝላይ ውድድር በዩኒቨርሲቲው ሜዳ አዘጋጁ፤ ከ1917 ጀምሮ ደግሞ አገር አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ የቅርጫት ኳስ ውድድር አከሉበት። ከየከተማው ጎበዝ ወጣቶች ቺካጎ መጥተው ግቢውን ያያሉ፣ አሠልጣኙም ያያቸዋል። አንድ ሳንቲም ጉቦ የሌለበት፣ ግን ፍጹም የተሳካ ገበያ ነበር።

በዚህ መንገድ ከመጡት ሁሉ ስሙ የገነነው በዚያው በቺካጎ ከተማ ያደገው ዋልተር ኤከርሳል ነው። ኖቬምበር 30 ቀን 1905፣ በምስጋና ቀን፣ ቺካጎ ከሚሺጋን ጋር ገጠመ። በፊልዲንግ ዮስት የሚሠለጥነው ሚሺጋን በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች አልተሸነፈም ነበር። ከ25 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በተገኘበት ቀን ሁለቱም ቡድኖች ተጠባብቀው ሲቆዩ ኤከርሳል የመታት ኳስ ሚሺጋን ግብ ጥግ ደረሰች፤ የያዛት የሚሺጋን ተጫዋችም ይዞ ለመውጣት ሲሞክር ተገፍቶ በራሱ የግብ ክልል ውስጥ ወደቀ። ለዚያ የሚሰጠው ሁለት ነጥብ ነው፤ ቺካጎ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ስታግም ከሕይወታቸው ታላላቅ ድሎች አንዱን አገኙ። ኤከርሳል ሦስት ጊዜ የአገሪቱ ምርጥ ተብሎ ከተመረጠ በኋላ ዲግሪ ሳይዝ ከዩኒቨርሲቲው ወጣ። ቺካጎ ግን በዚያ ድል ከፍ ያለ ስም አተረፈ። ሠሪው ሌላ፣ በይው ሌላ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይኸው 1905 ጨዋታው ራሱ ለመጥፋት የተቃረበበት ዓመትም ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ብቻ ቢያንስ 18 ተጫዋቾች በጉዳት ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከትልልቅ ኮሌጆች ውጭ የሚጫወቱ ልጆች ነበሩ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በኦክቶበር የሃርቫርድ፣ የየልና የፕሪንስተን ተወካዮችን ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው አስጠነቀቁ። መጽሔቶችም ሌላውን ጉድ ይዘው ወጡ፦ የየሉ ካፒቴን ጄምስ ሆጋን የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት፣ የተንጣለለ መኖሪያ ተሰጥቶት፣ ወደ ኩባ ለሽርሽር ተልኮ፣ በከተማው ከሚሸጥ ሲጋራ ኮሚሽን እየተቀበለ እንደሚማር ተጻፈ። አማተር የሚባለው ዓለም በ1905 ይህን ይመስል ነበር። ዛሬ ከማስታወቂያ ገንዘብ የሚቀበለው ወጣት ከሆጋን የሚለየው ውሉን በግልጽ መፈረሙ ነው።

ከዚያ ቀውስ ሁለት ነገሮች ተወለዱ። አንደኛው በ1906 የተቋቋመውና በ1910 ኤንሲኤኤ የሚለውን ስም የያዘው ማኅበር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኳስን ወደፊት መወርወርም ተፈቀደ፤ ስታግ በሕግ አውጪው ኮሚቴ ውስጥ ከምዕራብ የገቡ የመጀመሪያው ሰው ስለነበሩ በለውጡ እጃቸው አለበት። ሁለተኛው ብዙም አይነገርለትም፣ ለእኔ ግን ይበልጥ ገላጭ ነው። በጃንዋሪ 1906 የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች ባደረጉት ስብሰባ ተጫዋች ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይጫወት፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንዳይሰለፍ፣ ለተጫዋቾች ለብቻ የሚዘጋጀው ገበታ እንዲቀር፣ አሠልጣኝም በመጠነኛ ደመወዝ በዩኒቨርሲቲው በመደበኛ መንገድ የተሾመ ሰው እንዲሆን ወሰኑ። ለሌሎች ማነቆ የሆነው የመጨረሻው አንቀጽ ለስታግ የተሰፋ ልብስ ነበር፤ እርሳቸው ከ14 ዓመት በፊት ጀምሮ ፕሮፌሰር ነበሩና። ሚሺጋን በሕጎቹ ተማርሮ ለብዙ ዓመታት ከኅብረቱ ወጣ። እንግዲህ ተሐድሶው ተጫዋቹን ከገበታው አስነሥቶ የአሠልጣኙን ወንበር አጸና።

ስታግ እንደ ሰው ምን ይመስሉ እንደነበር ካልነገርኩ ፍርዴ ሚዛን ይጎድለዋል። አይጠጡም፣ አያጨሱም፣ አይሳደቡም፤ ተጫዋች እጅግ ሲያናድዳቸው ከአፋቸው የሚወጣው ትልቁ ስድብ «አህያ» ነበር። በ1894 ያገቧቸው ባለቤታቸው ስቴላ ሮበርትሰን የተጋጣሚን አሰላለፍ በወረቀት እየመዘገቡ ይረዷቸው ነበር። ተጫዋቹ ከሚለማመድበት የግጭት አሻንጉሊት አንሥቶ በጀርባው ላይ እስከሚለጠፈው ቁጥር ድረስ ብዙ ፈጠራ በስማቸው ይነገራል፤ አንዳንዱን ሌላም ሰው ይገባኛል ይላል፤ ቢሆንም የጨዋታውን መልክ ከለወጡት ጥቂቶች አንዱ መሆናቸውን የሚክድ የለም። በ1923 ደግሞ ለኮሌጅ ፉትቦል ወዳጆች ሁሉ ብለው ባሰራጩት ግልጽ ደብዳቤ የእሑዱን ፕሮፌሽናል ፉትቦል አደጋ ነው ሲሉ አወገዙ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1925፣ የኢሊኖዩ ሬድ ግሬንጅ የመጨረሻ የኮሌጅ ጨዋታውን በተጫወተ በቀናት ውስጥ ለቺካጎ ቤርስ ፈርሞ ለገንዘብ መጫወት ጀመረ። ከዓመት በፊት በስታግ ሜዳ 21 ለ 21 በተጠናቀቀው ጨዋታ ሕዝቡን ያስደመመው ይኸው ልጅ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ከፍሎ የሚገባው እርሱን ለማየት መሆኑን ግሬንጅ ያውቅ ነበር፤ ስታግም ያውቁ ነበር። ያልተስማሙት ከዚያ ገንዘብ ማን ይድረሰው በሚለው ላይ ነው።

የስታግ መጨረሻ በቺካጎ የመጣው በ1929 ፕሬዚዳንት ሆነው በመጡት ወጣቱ ሮበርት ሜናርድ ሃቺንስ ዘመን ነው። ሃቺንስ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ቤት ነው ባይ ነበሩ፤ የስፖርት ፍቅርም አልነበራቸውም። ስታግ 70 ዓመት ሲሞላቸው የጡረታ ደንቡን ጠቅሰው በ1932 አሰናበቷቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ስታግን አያገኛቸውም፤ ሹመቱን ለመብላት አልተጠቀሙበትም። ሥራ የሌለው የክብር ቦታ ሲቀርብላቸው እምቢ ብለው ካሊፎርኒያ ስቶክተን ወደሚገኘው ትንሹ የፓሲፊክ ኮሌጅ ሄዱና ሌላ 14 ዓመት አሠለጠኑ። በ1938 ቡድናቸውን ይዘው ወደ ቺካጎ ተመለሱና በራሳቸው ስም በተጠራው ስታግ ሜዳ ላይ የቀድሞ ቤታቸውን 32 ለ 0 ረቱ። በ1943፣ በ81 ዓመታቸው፣ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባሉ። ከዚያም ከልጃቸው ጋር በፔንሲልቬንያ ሰስኩሃና ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ ማርች 17 ቀን 1965 በ102 ዓመታቸው እስኪሞቱ ድረስ በድል ብዛት ከእርሳቸው የሚበልጥ የኮሌጅ አሠልጣኝ አልተገኘም። በጠቅላላ 314 የሚሆነው የድል ቁጥራቸው በአሠልጣኝ ቤር ብራያንት የተበለጠው በ1981 ነው።

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1939 መኸር በሚሺጋን 85 ለ 0 ከተደቆሰ በኋላ በዲሴምበር ወር ፉትቦልን ጨርሶ ዘጋ። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠው የሃይስማን ዋንጫ የመጀመሪያው ተሸላሚ ጄይ በርዋንገር የወጣበት ግቢ ከአራት ዓመት በኋላ ቡድን አልባ ሆነ። ስታዲየሙ ባዶውን ቀረ፤ ባዶ በመሆኑም በምዕራብ መቀመጫዎቹ ሥር ባለው የራኬት መጫወቻ ክፍል የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ ዲሴምበር 2 ቀን 1942 ራሱን የሚያስቀጥል የመጀመሪያውን የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ አካሄዱ። የአቶም ዘመን የተጀመረው የፉትቦል ተመልካች በተቀመጠበት ሰሌዳ ሥር መሆኑ ከጉዳያችን ባይገባም ሳይጠቅሱት ማለፍ ያስቸግራል።

የቺካጎ መውጣት ግን ሌሎቹን አላስተማረም። ኤንሲኤኤ ከጦርነቱ በኋላ ክልከላውን ለማጥበቅ ሞክሮ ሳይሳካለት በ1956 የስፖርት ስኮላርሺፕን ፈቀደ። በዚህ ጊዜ የተፈራው ሌላ ነገር ነበር፦ ስኮላርሺፕ ክፍያ ከሆነ ተጫዋቹ ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ሲጎዳ ካሳ ይገባዋል። በ1955 በኮሎራዶ ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ሲጫወት ጭንቅላቱን ተመትቶ የሞተው የሬይ ዴኒሰን ባለቤት የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ጠየቀች፤ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1957 ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ አይደለም ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው። «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለውን ስም ኤንሲኤኤ በዋና ዳይሬክተሩ በዋልተር ባየርስ አመራር ያስለመደው በዚሁ አሥር ዓመት ነው፤ ባየርስም ስያሜው ከዚህ ሥጋት እንደተወለደ ኋላ በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ስታግ በቅንነት የያዙት እምነት በጠበቆች እጅ ሲገባ የወጪ መከላከያ ሆነ።

በአሠልጣኙ በኩል ግን ማንም ልጓም አላበጀም። በ1906 የተጻፈው «መጠነኛ ደመወዝ» ተረሳ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ዛሬ ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ ገዥው ሳይሆን የኮሌጅ ፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ ነው። በኖቬምበር 2023 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ሥራ ለማቆማቸው ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍላቸው ግዴታ ገባ። ያን ጊዜ ተጫዋቾቹ ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ደመወዝ ወይም የገቢ ድርሻ አይደርሳቸውም ነበር፤ ከስኮላርሺፕና ከተያያዥ ድጎማ ሌላ የሚያገኙት ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ከውጭ የሚመጣውን የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጁን 2021፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ኤንሲኤኤ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ላይ የጣለውን ጣሪያ ሕገ ወጥ ሲል አማተርነት ከውድድር ሕግ በላይ እንዳልሆነ ግልጽ ሆኖ ነበር። የ2025ቱ ስምምነት የመጣው ያ ግድግዳ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው።

ስምምነቱን እንደ ፍጹም ፍትሕ ማየትም አይገባም። ተጫዋቹ ገንዘብ ይከፈለዋል፣ ሠራተኛ ግን አልተባለም፤ የዴኒሰን ባለቤት የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን ክፍት ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚካፈለው ገንዘብ የአንበሳው ድርሻ ለፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ስለሚሄድ የሴቶች ስፖርትና እንደ አትሌቲክስ ያሉ ገቢ የማያመጡ ዘርፎች ይሠጋሉ። ይህ የመጨረሻው ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከምሥራቅ አፍሪካ በሩጫ ስኮላርሺፕ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች የሚሄዱ ወጣቶች አብዛኞቹ በተማሪ ቪዛ ስለሚኖሩና ቪዛው ተቀጥሮ መሥራትን ስለሚገድብ፣ አዲሱ ገንዘብ ለጓደኞቻቸው ሲከፈል እነርሱ በሕግ ምክር እየታገዙ በጥንቃቄ መራመድ አለባቸው።

እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ መልስ የሚያገኙት ግን ወደ ስታግ ዘመን እንመለስ በማለት አይደለም፤ በስታግ ዘመንም ጨዋታው በቲኬት፣ በባቡር ጉዞና በጋዜጣ ስም ይነግድ ነበርና። ሐቀኛው ስታግ ያላዩት ነገር ቢኖር በሄፈልፊንገር 500 ዶላርና በእርሳቸው 2,500 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት የሞራል ሳይሆን የሥልጣን መሆኑን ነው። እርሳቸውን የቀጠረው ፕሬዚዳንት መዝገብ ነበረው፤ ተጫዋቹ መዝገብ የሚከፍትለት አልነበረም።

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ ፉትቦልን ቀስ በቀስ መልሶ ጀምሯል። የድሮው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው በ1970 የሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት ቆሟል። ቡድኑ አሁን የሚጫወተው የስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት፣ የ2025ቱ የገቢ ክፍፍልም በማይደርስበት በሦስተኛው ዲቪዚዮን ነው። የዚያ ዲቪዚዮን የፍጻሜ ጨዋታ ከ1973 ጀምሮ የስታግ ዋንጫ ይባላል፤ በየዓመቱም ሁለት ቡድኖች፣ ክፍያ የማይደርሳቸው ልጆችና ደመወዝ የሚከፈላቸው አሠልጣኞች፣ በእርሳቸው ስም ይገናኛሉ።